መረቡ የሚያውቃቸው በቁልፋቸው ነው፦ አዲስ የምስጠራ ቁልፍ መቀበል ለምን ጥንቃቄ ይሻል?

በውጭ አገር የሚኖር ሰው ማንነቱን የሚያስረዳው በመታወቂያው ነው። መታወቂያውን የሚሰጠው አንድ የታወቀ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ባንኩም ሆነ ሆስፒታሉ ካርዱን የሚቀበሉት ያንን መሥሪያ ቤት ስለሚያምኑ ነው። አብዛኛው የኢንተርኔት አገልግሎትም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው። በመሃል የተቀመጠ አንድ ድርጅት የተጠቃሚዎችን መዝገብ ይይዛል፤ ማን ማን እንደሆነም እርሱ ይመሰክራል።

ከአቻ ለአቻ በሚባለው መረብ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መስካሪ የለም። ኮምፒውተሮች ያለ ማዕከላዊ አገልጋይ በቀጥታ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ፋይል ይለዋወጣሉ፣ አንዱ የሌላውን መልእክት ያደርሳል። ታዲያ ከማዶ ያለው ኮምፒውተር በእርግጥ ነኝ የሚለው ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው? መልሱ የምስጠራ ቁልፍ ነው።

እያንዳንዱ ኮምፒውተር የተጣመሩ ሁለት ቁልፎችን ያዘጋጃል። አንደኛው የግል ቁልፍ ሲሆን ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ሁለተኛው ይፋዊ ቁልፍ ሲሆን ለሁሉም ይሰጣል። በግል ቁልፉ የተፈረመ መልእክት ትክክለኛነት በይፋዊው ቁልፍ ይረጋገጣል። ኮምፒውተሩ በመረቡ ውስጥ የሚጠራበት መለያም ከይፋዊው ቁልፍ የሚወጣ ነው። በዚህ ምክንያት ቁልፉ መታወቂያም ማኅተምም ሆኖ ያገለግላል፤ ሶፍትዌሩ የሚቀበላቸውን የቁልፍ ዓይነቶች መወሰን ደግሞ ወደ መረቡ ማን ሊገባ እንደሚችል መወሰን ነው።

ከአርኤስኤ እስከ ኢዲ25519

ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የቆየው አርኤስኤ የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በሮናልድ ሪቨስት፣ በአዲ ሻሚር እና በሌናርድ አድልማን የተፈጠረ ነው። ጥንካሬው የሚመነጨው ሁለት ትላልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ቀላል ሆኖ፣ ውጤቱን መልሶ ወደ ሁለቱ መለየት ግን እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ኒል ኮብሊትዝ እና ቪክቶር ሚለር በየፊናቸው በኤሊፕቲክ ከርቭ ሒሳብ ላይ የተመሠረተ ሌላ መንገድ አቀረቡ። በዚያው መንገድ ላይ የተገነባውን ኢዲ25519 የተባለውን የፊርማ ዘዴ ደግሞ ዳንኤል በርንስታይን እና አራት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ አደረጉ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመጠን ይታያል። የተለመደው የ2048 ቢት አርኤስኤ ቁልፍ የሚያወጣው ፊርማ 256 ባይት ነው። የኢዲ25519 ፊርማ 64 ባይት ሲሆን፣ ይፋዊ ቁልፉም 32 ባይት ብቻ ነው። መጠኑ ይህን ያህል ቢያንስም የሚሰጠው ጥበቃ ከ2048 ቢት አርኤስኤ ይበልጣል። በሺዎች ከሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ጋር ለሚገናኝ ማሽን፣ ወይም አነስተኛ አቅም ላለው ስልክ፣ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አራት ቁልፎች፣ አንድ መረብ

ለጉዳዩ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ሊብፒቱፒ የተባለው ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ሊብፒቱፒ አይፒኤፍኤስ ከተባለው የፋይል ማከማቻና መለዋወጫ መረብ የተወለደ ሲሆን፣ ዛሬ ኢቴሪየምን ጨምሮ በሌሎች መረቦችም ያገለግላል። የአሠራር ደንቡ አራት የቁልፍ ዓይነቶችን ያውቃል፤ እነርሱም አርኤስኤ፣ ኢዲ25519፣ ሴክፒ256ኬ1 እና ኢሲዲኤስኤ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ሴክፒ256ኬ1 ቢትኮይን የሚጠቀምበት ሲሆን፣ የኢቴሪየም ኮምፒውተሮችም በመረባቸው ውስጥ የሚታወቁት በዚሁ ዓይነት ቁልፍ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለት ኮምፒውተሮች የማይግባቡበት ቁልፍ ሲያጋጥማቸው ነው። አንዱ በአዲስ ዓይነት ቁልፍ ቢፈርምና ሌላው ያንን ዓይነት ባያውቅ፣ ፊርማው ትክክል ቢሆንም ግንኙነቱ አይፈጸምም። ማእከል ባለው አገልግሎት ድርጅቱ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ሊያድስ ይችላል። ማእከል በሌለው መረብ ግን ሶፍትዌሩን የሚያድሰው እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ጊዜ ስለሆነ፣ አሮጌውና አዲሱ ለዓመታት ጎን ለጎን መኖራቸው አይቀርም።

ስለዚህ የሊብፒቱፒ ደንብ ቁልፎቹን በደረጃ ይለያቸዋል። ኢዲ25519ን መቀበል የሁሉም ግዴታ ነው። አርኤስኤን መቀበል ከነባሩ የአይፒኤፍኤስ መረብ ጋር ለመገናኘት ለሚፈልጉ ይመከራል። የቀሩት ሁለቱ በፈቃድ የሚጨመሩ ሲሆኑ፣ በእነርሱ የሚጠቀም ኮምፒውተር ከሁሉም ጋር መገናኘት ላይችል እንደሚችል ደንቡ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። አይፒኤፍኤስም በጎ ቋንቋ የተጻፈው ሶፍትዌሩ ለአዲስ ተጠቃሚዎች ኢዲ25519ን መደበኛ ያደረገው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ሲሆን፣ በአርኤስኤ የሚታወቁት ነባር ኮምፒውተሮች ግን ከመረቡ አልተባረሩም።

መለያው የሚወጣበት መንገድም እንደ ቁልፉ መጠን ይለያያል። ተጽፎ ከ42 ባይት የማይበልጥ ቁልፍ እንዳለ በመለያው ውስጥ ይገባል፤ መለያውን ያየ ሁሉ ቁልፉንም አብሮ ያገኛል። ከዚያ የሚበልጠው እንደ አርኤስኤ ያለው ቁልፍ ግን ሻ-256 በተባለው ስሌት ወደ አጭር አሻራ ይቀየራል፤ ቁልፉ ራሱ ለብቻው መምጣት አለበት። በተጨማሪም አንድ ቁልፍ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ መመዝገብ ይኖርበታል። በሁለት አጻጻፍ ቢመዘገብ አንዱ ኮምፒውተር ሁለት ማንነት ይኖረዋል።

እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ በር ነው

አዲስ የቁልፍ ዓይነት መቀበል አዲስ በር እንደ መክፈት ነው፤ በሩ ደግሞ ጠባቂ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በጎ ቋንቋ በተጻፈው ሊብፒቱፒ ላይ የተገኘው ጉድለት ለዚህ ማስረጃ ነው። ሶፍትዌሩ ለአርኤስኤ ቁልፍ የላይኛ ገደብ ስላላበጀለት፣ አጥቂ ከመጠን በላይ የገዘፈ ቁልፍ በመላክ ተቀባዩን ኮምፒውተር ፊርማ በማረጋገጥ ሥራ ብቻ ሊያጨናንቀው ይችል ነበር። መፍትሔው ከ8192 ቢት የሚበልጥ ቁልፍን አለመቀበል ሆነ። ቁልፉን በማንበብ ብቻ ሥራው አያልቅም፤ ትንሹንና ትልቁን መጠን መወሰን፣ ያልታወቀውንም ዓይነት በግልጽ መመለስ ያስፈልጋል።

ነባር ቁልፍን በአዲስ ዓይነት መተካትም የራሱ ዋጋ አለው። መለያው ከቁልፉ ስለሚወጣ፣ ቁልፉ ሲለወጥ ኮምፒውተሩ ለመረቡ እንደ እንግዳ ይሆናል፤ በቀድሞ መለያው የሚያውቁትም አያገኙትም። ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ በዕለት ተዕለት ኑሮ ውስጥ አለ። ከአገር ቤት የሚደውል ዘመድ ስልኩን ቀይሮ ዋትስአፕን እንደገና ሲጭን፣ የደህንነት ኮዱ መቀየሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊመጣ ይችላል። ዋትስአፕ ማዕከላዊ አገልጋይ ያለው ቢሆንም፣ ማስታወቂያው የሚለው ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ስሙ ያው ነው፣ ቁልፉ ግን አዲስ ነው። በአብዛኛው ምክንያቱ ጤናማ ነው፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ገንዘብ እንዲላክ የሚጠይቅ መልእክት ከመጣ፣ ከመላክ በፊት ድምፅን ሰምቶ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

የሚመጣው ለውጥ

የቁልፍ ዓይነት መጨመር በዚህ የሚያበቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የሒሳብ ሊቁ ፒተር ሾር በቂ አቅም ያለው የኳንተም ኮምፒውተር ከተሠራ አርኤስኤንም ሆነ መሰል ዘዴዎችን ሊሰብር የሚችል ስሌት አሳይቷል፤ አደጋው የኤሊፕቲክ ከርቭ ቁልፎችንም ይጨምራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋምም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 13 ቀን 2024 ይህን አደጋ ይቋቋማሉ የተባሉ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች አጽድቋል።

ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኤምኤል-ዲኤስኤ የተባለው የፊርማ ዘዴ በትንሹ ዓይነቱ እንኳ ይፋዊ ቁልፉ 1312 ባይት፣ ፊርማው 2420 ባይት ነው። እንዲህ ያለ ቁልፍ በ42 ባይት መለያ ውስጥ ሊገባ አይችልም። በቁልፍ ማነስ የተገኘው ጥቅም ይቀራል ማለት ነው፤ መረቦቹም ስለ ማንነት ያወጧቸውን ደንቦች እንደገና መመርመር ይኖርባቸዋል።

ለተራ ተጠቃሚ የሚቀረው ድርሻ ጥቂት ቢሆንም አስፈላጊ ነው። ሶፍትዌርን በወቅቱ ማደስ፣ የግል ቁልፍን ቅጂ በአስተማማኝ ቦታ ማስቀመጥ፣ ለማንም አለመስጠት ይገባል። መታወቂያ ቢጠፋ የሰጠው መሥሪያ ቤት ሌላ ይተካል፤ ማእከል በሌለው መረብ ውስጥ ለጠፋ ቁልፍ ምትክ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም።