ምሩፅ ሞንትሪያል ላይ ቢሮጥ ኖሮ

ታሪክ በ«ቢሆን ኖሮ» አይጻፍም ሲባል እንሰማለን። ይሁን እንጂ እኛ ጉለሌዎች ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ሯጮቹ ዳገቱን ሲያያይዙት እያየን ሻይ ስንጠጣ፣ ከዚህ ሌላ የምናወራው ነገር የለንም ማለት ይቻላል። አንዱ ስለ አበበ ያነሳል፣ ሌላው ስለ ማሞ፣ በመጨረሻ ግን ወሬው ምሩፅ ይፍጠር ላይ ያርፋል። «ያ ሰው እኮ ባይከለከል ኖሮ ስንት ወርቅ ያመጣ ነበር!» ይባላል። ታዲያ ይህን ጥያቄ እንደ ታሪክ ተማሪ በቁም ነገር ብንይዘውስ? በዚህች ጽሑፍ የምሞክረው ይህንኑ ነው። (ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሆነውን እናስቀምጥ። ምሩፅ በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ። በዚያው ኦሎምፒክ የ5,000 ሜትር ማጣሪያ ግን ሳይሮጥ ቀረ። በሰዓቱ መነሻው ላይ አልነበረም። ለምን የሚለው ወሬው ብዙ ነው፤ አንዱ መጸዳጃ ቤት ነበር ይላል፣ ሌላው መንገድ የሚያሳየው አጣ ይላል። በ1976 አገራችን ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ጋር ሆና ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ቀረች። በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ።

የ«ቢሆን ኖሮ» ታሪክ ዋናው ደንብ አንድ ነገር ብቻ፣ ያውም ትንሹን፣ ለውጦ ሌላውን እንደነበረ መተው ነው። በዚህ መለኪያ ሙኒክ ቀላሉ ነው። አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢደርስ በቃ፣ ማጣሪያውን ይሮጥ ነበር። ሞንትሪያል ግን እንዲህ አይደለም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ሲጎበኝ፣ በዚያው ሰኔ የሶዌቶ ተማሪዎች ተገደሉ። አፍሪካውያኑ ኒውዚላንድ ከኦሎምፒክ ትውጣ አሉ፤ አልተሰማቸውም፤ እነርሱ ወጡ። ስለዚህ ምሩፅን ሞንትሪያል ላይ ለማስሮጥ የምንሰርዘው የአውቶቡስ መዘግየትን አይደለም፣ የአንድ አህጉርን ተቃውሞ ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ይህን የሚያነሳ ሰው አልገጠመኝም። በሌላ በኩል ውሳኔውን የወሰኑት መንግሥታት ናቸው፣ ዋጋውን የከፈለው ግን ሯጩ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ለማዳን ሲባል ሌላውን መደበቅ አያስፈልግም።

እሺ፣ ሰረዝነው እንበል። ምሩፅ ሮጠ። ያሸንፍ ነበር? እዚህ ላይ ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን አለ። በ1972 በ10,000 ሜትር መሃል ላይ ወድቆ ተነሥቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ያሸነፈው እርሱ ነው፤ በ1976ም ሁለቱንም ርቀት ወስዷል። ምሩፅን «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው 300 ሜትር ገደማ ሲቀር መኪና ማርሽ ሲቀይር እንደሚስፈነጠረው በድንገት መፈትለኩ ነበር። ቪረን ደግሞ ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ ተፈትላኪው እግር እስከ መጨረሻው ዙር እንዲዝል ያደርጋል። ሙኒክ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። እንግዲህ ጥያቄው የ1976ቱ ምሩፅ ከ1972ቱ ይሻላል ወይ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ፦ በ1977 በዱሰልዶርፍ የዓለም ዋንጫ 5,000ንም 10,000ንም አሸንፏል። በ1979 ዋንጫው የተካሄደው፣ ይገርማል፣ እዚያው ሞንትሪያል ውስጥ ነበር፤ አሁንም ሁለቱንም ወሰደ። እኔ በበኩሌ ሞንትሪያል ላይ ቢያንስ ሜዳሊያ አያጣም ነበር እላለሁ። ሁለት ወርቅ የሚሉት ግን ቪረንን ረስተውታል።

ደግሞም «ቢሆን ኖሮ» ከተባለ ለሁሉም ይባል። ሞስኮም እኮ ሙሉ አልነበረችም። አሜሪካ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ኬንያ፣ ጃፓን ቀርተዋል። በ1978 በጥቂት ወራት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ አልመጣም፤ ያለ ኦሎምፒክ ቀረ። ጃፓናዊው ቶሺሂኮ ሴኮ በ1979ም በ1980ም የፉኩኦካን ማራቶን ሲያሸንፍ፣ በመካከል የነበረው የሞስኮ ማራቶን አመለጠው። ቶኪዮ ውስጥም እንደኛው ሰፈር «ሴኮ ቢሄድ ኖሮ» ሳይባል አይቀርም። ለምሩፅ ሞንትሪያልን ጨምረን ለሮኖ ሞስኮን ካልጨመርን ሒሳቡ ማጭበርበር ይሆናል። ጨምረነውም ቢሆን የምሩፅ ወርቅ የሚነጠቅ አይመስለኝም። ቪረን እዚያው ነበር፣ በ10,000 አምስተኛ ወጣ። ከምሩፅ ጋር ደግሞ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ ነበሩ፤ ፍጥነቱን እየጨመሩ እየቀነሱ ሌላውን አዳከሙት፣ ሦስተኛና አራተኛም ወጡ።

ሰው ብዙ የማያነሳው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያንገበግበው፣ በላይነህ ዴንሳሞ ነው። በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ከአምስት ወር በኋላ የሴኡል ኦሎምፒክ ሲደረግ ኢትዮጵያ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆማ አልሄደችም። እዚህ መገመት እንኳ ብዙም አያስፈልግም። በሮተርዳም በላይነህን ተከትሎ ሁለተኛ የገባው የጅቡቲው አሕመድ ሳላህ ሴኡል ሄዶ ነሐስ ይዞ ተመለሰ። ያሸነፈው ጣሊያናዊ ጀሊንዶ ቦርዲን የገባው በ2:10:32 ነው። እርግጥ ሴኡል ሙቀት ነበረው፣ ኦሎምፒክም እንደ ሮተርዳም ሜዳ ለሰዓት ተብሎ አይሮጥም፤ ይህን መካድ አይቻልም። የበላይነህ ሰዓት ግን እስከ 1998 ድረስ አሥር ዓመት ሙሉ የሚነካው አልተገኘም።