ዛፍን በሕዝብ ስለ ማስጠበቅ

ዛፍ በዘበኛ ብቻ ተጠብቆ እንደማይኖር አገር ያስተዳደረ ሁሉ ያውቀዋል። ሕዝቡ ራሱ ጠባቂ ሲሆን ግን ጥበቃው ምን ያህል እንደሚጸና ከሕንድ አገር የተገኘው ታሪክ ያስረዳል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1485 ዓ.ም. ጉሩ ጃምቤሽዋር የሚባል የሂንዱ መምህር በራጃስታን በረሃ ለተከታዮቹ 29 ትእዛዛት ሰጠ። እነርሱም በቍጥሩ ቢሽኖይ ተባሉ፤ ሃያ ዘጠኝ ማለት ነው። ከትእዛዛቱ አንዱ ለምለም ዛፍ መቍረጥን ይከለክላል። አብልጠው የሚጠብቁት ኬጅሪ የሚባለውን፥ ግራር የሚመስለውን ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ለከብት መኖ ይሆናል፥ በጥላውም እህል ይበቅላል።

በ1730 የጆድፑር ገዢ የአብሃይ ሲንግ ሰዎች፥ ለአዲስ ቤተ መንግሥት ኖራ ማቃጠያ እንጨት ሊቈርጡ ኬጃርሊ መንደር ደረሱ። አምሪታ ዴቪ የምትባል ሴት ዛፉን አቅፋ አልለቅም ብትል ገደሏት፤ ሦስት ሴቶች ልጆቿም ተከተሏት። የሟቾቹ ቍጥር 363 እንደ ደረሰ ይነገራል። ገዢውም ይህን ሰምቶ በቢሽኖዮች መንደር ዛፍ እንዳይቈረጥ፥ አውሬም እንዳይታደን አዘዘ። ይህን አዋጅ አስቀድሞ አውጥቶት ቢሆን ያ ሁሉ ደም ባልፈሰሰ ነበር።

በፎንቆ ዙሪያም ገበሬው እንሰቱን በጓሮው የሚንከባከበው ዘበኛ ቆሞበት አይደለም፤ ኑሮው ስለ ሆነ ነው። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ ቅጥር፥ ወይም በሽማግሌዎች መሰብሰቢያ የቆመ ዛፍ ለመንገድ ወይም ለሕንጻ ከመቈረጡ በፊት ሹሙ ሕዝቡን መጠየቅ ይገባዋል። ችግኝም ሲታደል አስቀድሞ ጠባቂው ይታወቅ።