የጉልበት ሕመምና የጨረር ማሽን ወረፋ

እንደ ጉልበትና እጅ ያሉ መገጣጠሚያዎች መሸርሸር እርጅናን ከሚያከብዱ ሕመሞች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም ነበረባቸው፤ ከእነዚህም 73 በመቶው ከ55 ዓመት በላይ ናቸው። የሕክምናው ምርጫ ጠባብ ነው። እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ ማስታገሻ ሲደጋገም የአረጋውያንን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ ጉልበትን በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ መተካት ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ የማይደፈር ወጪ ነው። ጀርመኖች ይህን ክፍተት ለአሥርተ ዓመታት በአነስተኛ መጠን ጨረር ሲሞሉት ኖረዋል። ሌሎችም ፊታቸውን ወደዚያው እያዞሩ ስለሆነ፣ ሕክምናው ርካሽ ነው የሚለው አባባል በምን ላይ እንደቆመ መመርመር ይገባል።

ለካንሰር ዕጢ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ጨረር ይሰጣል፤ ለመገጣጠሚያ ግን በአንድ ጊዜ ከ0.5 እስከ 1፣ በድምሩ ከ3 እስከ 6 ግሬይ ይበቃል። ታካሚው አልጋው ላይ ይጋደማል፤ ባለሙያው ጉልበቱን አስተካክሎ፣ ወፍራሙን በር ዘግቶ ይወጣል፤ ጨረሩ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ማሽኑ ቀድሞ ተገዝቷል፣ የኮንክሪት ግድግዳው ተገንብቷል፣ የባለሙያዎቹም ደመወዝ ጉልበት ታከመም አልታከመም ይከፈላል። ስለዚህ አንድ ታካሚ ሲጨመር የሚጨምረው ወጪ የጥቂት ደቂቃ ሥራና መብራት ነው። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው ግን ለእነዚያ ደቂቃዎች ሌላ ፈላጊ ከሌለ ነው። ወረፋ ባለበት አገር እውነተኛው ዋጋ ደረሰኙ ላይ የሰፈረው ሳይሆን፣ ተራው ያልደረሰው ሰው የሚያጣው ነው።

የሚገዛው ውጤትስ ምን ያህል ነው? በኔዘርላንድ 55 የጉልበት ታማሚዎች በተካፈሉበት ጥናት ለግማሾቹ ስድስት ጊዜ አንድ አንድ ግሬይ ሲሰጥ፣ ለሌሎቹ ማሽኑ ጨረር ሳይለቅ እንደ ሕክምና ተደረገላቸው። ከሦስት ወር በኋላ ጨረር ካገኙት 44 በመቶ፣ ካላገኙት 43 በመቶ ተሻላቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የቀረበው የደቡብ ኮሪያ ጥናት የበለጠ ተስፋ ይሰጣል፦ መለስተኛና መካከለኛ ሕመም ካለባቸው 114 ሰዎች መካከል በድምሩ 3 ግሬይ ካገኙት 70.3 በመቶው፣ ጨረር ካላገኙት 41.7 በመቶው በአራተኛው ወር ለውጥ አሳይተዋል። የኮሪያውን ውጤት እንዳለ ብንቀበለው እንኳ ከመቶ ታካሚዎች በጨረሩ ምክንያት የሚሻላቸው 29 ያህል ናቸው። አንድ ሰው በጨረሩ እንዲሻለው ከሦስት እስከ አራት ሰው ማከም ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ስድስት ተራ ሲታሰብ ከሃያ በላይ ተራ ይሄዳል። የማኅፀን በር ካንሰር የያዛት ሴት ከውጭ ለሚሰጣት ጨረር የሚያስፈልጋትም 25 ያህል ተራ ነው። የጉልበቱ ተራ ቢያጥር እንኳ፣ በአንዱ በኩል የአንድ ሰው ሕመም ለወራት ይቀንሳል፣ በሌላው የአንዲት እናት ሕይወት ሊተርፍ ይችላል።

ማሽኑ ጨረር ባይለቅም ከአሥር ሰው አራቱ ከተሻለው ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። የመገጣጠሚያ ሕመም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰው የሚመጣውም ሲብስበት ስለሆነ ብዙው ሳይታከምም ይቀልለዋል። በባለሙያ መታየትም ያበረታል። ይህን ለማግኘት ግን የጨረር ማሽን አያስፈልግም፤ የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ የሚያስተምር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይበቃል። ጨረሩ ካንሰር ያመጣል የሚለውን ስጋት ግን እንደ ዋና መከራከሪያ አልወስደውም፤ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ጉልበት ከዋና ዋና የሰውነት ክፍሎች ይርቃል፣ በጨረር የሚመጣ ካንሰርም አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ለረጅም ዓመታት አገሪቱ ያላት የጨረር ሕክምና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ እንደ ጅማ ያሉት የተጨመሩት በቅርቡ ነው። ለካንሰር ታማሚዎች እንኳ የማይበቃ ማሽን ላይ ጉልበት መጨመር፣ ገንዘቡ ከታማሚው ኪስ ቢወጣም፣ ከሌላ ታማሚ ላይ ተራ መውሰድ ነው። ከፍሎ የሚታከም አረጋዊ ለሆስፒታሉ ገቢ ስለሚሆን ፈተናው ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን በመመሪያ ማሰር የጤና ሚኒስቴር ሥራ ነው። ወረፋው አልቆ ማሽኖቹ ባዶ ሰዓት ሲኖራቸው ስሌቱ ይለወጣል። ያን ጊዜ ሕመማቸው ገና ላልከፋ፣ እንቅስቃሴና ማስታገሻም ላልረዳቸው አረጋውያን የጤና መድን ቢከፍል፣ ውጤቱም ከአራት ወር አልፎ ቢያንስ አንድ ዓመት ቢመዘገብ እደግፋለሁ።