ሽንት ስለ ኵላሊት የሚሰጠው ምስክርነት

ከቤተ ሰባችን አንዱ በጽኑ ታሞ በተኛ ጊዜ ሁላችን ፊቱንና ትንፋሹን እንመለከታለን፤ ስለ ሽንቱ መናገርን ግን እንደ ነውር እንቈጥረዋለን። ነገር ግን አስተዋይ ሐኪም አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ በሽተኛው መቼ እንደ ሸና፥ መጠኑም ምን ያህል እንደ ሆነ ነው። የዚህን ጥያቄ ምክንያት ለአንባቢዎቻችን መግለጥ መልካም መስሎ ታይቶናል። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ከኵላሊት ሥራ እንጀምር። በሁለቱ ኵላሊቶቻችን በያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። እነዚህም በቀንና በሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ የሚጠቅመውንም ወደ ደም መልሰው 1 ወይም 2 ሊትር ብቻ ሽንት አድርገው ያወጣሉ።

ሴፕሲስ የሚባለው፥ ብዙ ሰው የደም መመረዝ የሚለው ደዌ፥ በቍስል ወይም በሳንባ ወይም በሽንት ቧንቧ በኩል ጀርም ገብቶ፥ ሰውነት ጠላቱን ለመከላከል የሚያደርገው ትግል ልኩን አልፎ የራሱን ብልቶች ሲጐዳ የሚመጣ ነው። በ2017 በዓለም ሁሉ 48.9 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚህ ደዌ እንደ ተያዙ፥ 11 ሚሊዮን ያህልም እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል። ደዌው ፈጥኖ ከሚጐዳቸውም ብልቶች አንዱ ኵላሊት ነው።

ደዌን ከሽንት መመርመር አዲስ ነገር አይደለም። በ1827 በለንደን በጋይስ ሐኪም ቤት ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ብራይት የበሽተኞችን ሽንት በእሳት ሲያሞቀው እንደ እንቍላል ነጭ ሲረጋ አይቶ፥ ይህ የኵላሊት ሕመም ምልክት መሆኑን ገለጠ።

በዘመናችን ሐኪሞች በብዙ የሚመለከቱት ክሬያቲኒን የሚባለውን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው፤ ኵላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ይከማቻልና። በ2012 በወጣው ደንብ መሠረት ይህ ነገር በ48 ሰዓት ውስጥ በዴሲሊትር 0.3 ሚሊግራም ከጨመረ፥ ወይም ሽንት ለ6 ሰዓት ያህል በሰዓት ለአንድ ኪሎ ከ0.5 ሚሊሊትር ካነሰ፥ ኵላሊት በድንገት እንደ ተጐዳ ይቈጠራል። ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ሚሊሊትር ማለት ነው። ዳሩ ግን ክሬያቲኒን ብዙ ጊዜ የሚናገረው ጕዳቱ ከደረሰ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በሴፕሲስ ጊዜም በደም ሥር የሚሰጠው ብዙ ፈሳሽ ያቀጥነዋል፤ ጡንቻም የሚያወጣው ሊቀንስ ይችላል። በፍርድ ቤት የዋልን ሁሉ እንደምናውቀው፥ ፍርዱ ከተፈጸመ በኋላ የመጣ ምስክር እውነትን ቢናገርም ለባለ ጕዳዩ አይረባውም።

ስለዚህ ሊቃውንት ፈጥኖ የሚናገር ምስክር ከሽንት ውስጥ ፈለጉ። በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ ያሉ ሐኪሞች ልባቸው በቀዶ ጥገና የታከመላቸውን 71 ልጆች መርምረው፥ ኵላሊታቸው በተጐዳው ልጆች ዘንድ ንጋል የተባለው ፕሮቲን በ2 ሰዓት ጊዜ በሽንት እንደሚበዛ በ2005 አሳወቁ። ነገር ግን ነጭ የደም ሕዋሳትም ጀርምን ሲዋጉ ንጋልን ያወጣሉና፥ በሴፕሲስ ጊዜ ኵላሊት ሳይጐዳ ሊበዛ ይችላል፤ ቃሉም በጥንቃቄ ይመዘናል። በ2013 ደግሞ ሳፋየር የተባለው ጥናት ታተመ። ተመራማሪዎቹ ከ300 በላይ ምልክቶችን ፈትነው ቲምፕ-2 እና አይ.ጂ.ኤፍ.ቢ.ፒ.-7 የተባሉትን ሁለቱን መረጡ፤ እነዚህም የተጨነቁ የኵላሊት ሕዋሳት መከፋፈላቸውን ከመግታት ጋራ የተያያዙ ናቸው። በሰሜን አሜሪካና በአውሮጳ በ728 ጽኑ ሕሙማን ላይ በተፈተኑ ጊዜ፥ በሚቀጥለው 12 ሰዓት ውስጥ ኵላሊቱ በብርቱ ሊጐዳ የሚችለውን ከሌላው ለመለየት ረዱ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ይህን ምርመራ በ2014 ለአዋቂዎች፥ የንጋልን ምርመራ ደግሞ በ2023 ለልጆች ፈቀደ።

ይሁን እንጂ ምስክር ዳኛ አይደለም፤ መድኃኒትም አይደለም። የምርመራው ጥቅም ሐኪሙ ለኵላሊት ጠንቅ ከሆኑ መድኃኒቶች በጊዜው እንዲቈጠብ፥ የደሙንም ግፊትና ፈሳሹን አብልጦ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። መሣሪያውም በየሐኪም ቤቱ አይገኝም።

ለቤተ ሰብ ግን ያለ ገንዘብ የሚፈጸም ሥራ አለ። ትኵሳት ወይም ቍስል ያለበት ሰው ቢንቀጠቀጥ፥ ትንፋሹ ቢፈጥን፥ ንግግሩ ቢዘባረቅ፥ ሽንቱም ቢያንስ፥ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። መቼና ምን ያህል እንደ ሸና፥ የዋጠውንም መድኃኒት ሁሉ፥ የባህሉንም ሳይቀር፥ በወረቀት ጽፎ ለሐኪሙ ማቅረብ ነው። ለሕፃንም የረጠበውን ጨርቅ መቍጠር ይበቃል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ፈቃድ ለእንዲህ ያለ በሽተኛ መስጠት ኵላሊቱን ሊጐዳ ይችላል።

የእናቱን ወይም የአባቱን ሽንት ለሐኪም ለመናገር የሚያፍር ልጅ ቢኖር፥ በዚህ ደዌ የአንዲት ሰዓት ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ያስብ።