የዋይፋይ ካርድና የቤት ውስጥ ፋየርዎል

ሳሪስ አቦ የሚኖር አንድ ሰው በኢትዮ ቴሌኮም ሞደምና በቤቱ መካከል አሮጌ ኮምፒውተር አኑሮ ፋየርዎል ሊያደርገው ፈለገ እንበል። ፒኤፍሴንስን ጫነ፤ የኢንቴል ዋይፋይ ካርዱም ታወቀለት። ስልኮቹ ግን የሚያገናኛቸው ኔትወርክ አጡ። ካርዱ አልተበላሸም።

የዋይፋይ ካርድ ሁለት የተለያዩ ተግባራት አሉት፤ ከሌላ ኔትወርክ ጋር መገናኘትና ራሱ ኔትወርክ ማሰራጨት። ሁለተኛውን የሚፈቅደው ድራይቨሩ ነው። ፒኤፍሴንስ በፍሪቢኤስዲ ላይ የቆመ ሲሆን፣ በዚያ የቆዩት የኢንቴል ድራይቨሮች ማሰራጨትን አይደግፉም። በሊኑክስ 2.4 ጊጋኸርዝ ሊሠራ ይችላል፤ በ5 ጊጋኸርዝ ግን የካርዱ ፈርምዌር የአገሩን ደንብ ከአካባቢው ምልክቶች ለመገመት ስለሚሞክር ብዙውን ጊዜ ስርጭትን ይከለክላል። እንደ ኤአር 9280 ያሉ የኤተሮስ ካርዶች ያሰራጫሉ፤ ዳሩ ግን ከ802.11ኤን ፍጥነት አያልፉም። ኤኤክስ 201ን የመሰለው ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ማስገቢያው ላይ ልክክ ቢልም የሥራውን ከፊል ለኢንቴል ቺፕሴት ስለተወ በሌላ ማዘርቦርድ ላይ አይነሳም።

በዚህ ጊዜ ስልኮቹን ወደ ሞደሙ ዋይፋይ መመለስ ቀላል መውጫ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን ከፋየርዎሉ ውጭ ናቸው፤ ድካሙ ሁሉ ለኬብሉ ብቻ ሆነ ማለት ነው።

እኔ ካርዱን ትቶ ተጨማሪ ዋይፋይ ራውተር መጠቀምን እመርጣለሁ። ዲኤችሲፒው ይጠፋል፤ አይፒ አድራሻው ከፋየርዎሉ ጋር እንዳይጋጭ ይቀየራል፤ ከፋየርዎሉ የሚመጣው ኬብል በላን ቀዳዳው ይሰካል። ሰርቪስ ቤቱ ድረስ እንዲደርስም የተመቸው ቦታ ላይ ይቀመጣል። የሞደሙ ዋይፋይ መጥፋቱን ማረጋገጥ ግን አይዘንጋ።