ደጁ በተዘጋበት ዘመን ደጅ ስለ ጠኑ አረጋውያን

እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2020 በመላው አሜሪካ የሚገኙት ከ1,200 የሚበልጡ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታና ድጎማ) ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ደጃቸውን ለባለጉዳይ እንደ ዘጉ፣ ዘግተውም እስከ ኤፕሪል 7 ቀን 2022 እንደ ቆዩ የማያስታውስ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ምግብ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ እንደየተራው ከተከፈተ በኋላ፣ አረጋውያንና ድውያን የዕለት ሲሳያቸውን የሚጠይቁበት ይህ ደጅ ተቈልፎ መቅረቱ፣ መገናኛውም በአብዛኛው ስልክና ፖስታ መሆኑ፣ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስንቱን ቤት እንዳናጋ በወግ ተጽፎ አላየሁም፤ ስለዚህም ዐቅሜ የፈቀደውን ያህል ልጽፍበት ተነሣሁ።

ወደዚህ ጉዳይ የጐተተኝ አንድ ተራ አጋጣሚ ነው። በ2020 መገባደጃ ላይ፣ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ባለ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ፣ ምእመናን ተራርቀው ያስቀደሱበት የሰንበት ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት የደብረ ታቦር እናት ከነጠላቸው ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ዶሴ አውጥተው «ልጄ፣ ዐይንህ ደኅና ከሆነ ይችን አንብብልኝ» አሉኝ። ወረቀቲቱ ለኤስ ኤስ አይ፣ ማለት ለነዳያን አረጋውያንና አካለ ስንኩላን ለሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ፣ ላቀረቡት ጥያቄ ማስረጃ ይሆን ዘንድ የዜግነት ምስክር ወረቀታቸውን፣ ግልባጩን ሳይሆን ዋናውን፣ በፖስታ እንዲልኩ የምትጠይቅ አጭር ጦማር ነበረች። ፍሬ ነገሩን ስነግራቸው ዶሴውን መልሰው ከደረታቸው አስጠግተው «ዐሥራ አምስት ዓመት የጠበቅሁትን ወረቀት መንገድ ዳር ካለ ሳጥን ውስጥ ጣይው ነው የሚሉኝ?» ብለው ጠየቁኝ። ያ ምስክር ወረቀት ቢጠፋ ምትኩን ለማውጣት በዚያን ጊዜ 555 ዶላር ይከፈልበት እንደ ነበረ ኋላ ሳውቅ፣ ፍርሃታቸው ከንቱ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

እኒህ እናት በ2004 በልጃቸው ጠያቂነት ግሪን ካርድ ይዘው የመጡ ናቸው። በ1996 የወጣው ሕግ ዜግነት ያላገኘ መጤ፣ 40 ሩብ ዓመት የሥራ ግብር ያልተከፈለለት ከሆነ፣ ከጥቂቶች በቀር ኤስ ኤስ አይ እንዳያገኝ ከልክሏል፤ ለስደተኛ እንኳ የፈቀደው፣ በ1997 ከተሻሻለ በኋላ፣ 7 ዓመት ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ሦስት የልጅ ልጆች ከአራስነት ጀምሮ አሳድገው ለትምህርት ቤት ያበቁ፣ ነገር ግን በዚህ ድካማቸው አንዲት ሩብ ዓመት እንኳ ያልተቈጠረላቸው ሰው ናቸው። የቀራቸው መንገድ ዜግነት ነበረና፣ ዕድሜው ከ55 ያላነሰና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው ፈተናውን በገዛ ቋንቋው እንዲወስድ በሚፈቅደው ሥርዐት መሠረት በአማርኛ ተፈትነው አልፈው፣ በፌብሩዋሪ 2020 ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ወር ሳይሞላ ደጁ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ጥቂት እንድመለስ አንባቢ ይፍቀድልኝ፤ የዚህን መሥሪያ ቤት ታሪክ ስመረምር ብዙ ነገር ስለ ተገለጠልኝ ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሶሻል ሴኩሪቲን ሕግ በኦገስት 14 ቀን 1935 ሲፈርሙ፣ ረቂቁን ያዘጋጀውን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት የመሩት በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር የሆኑት ፍራንሲስ ፐርኪንስ ነበሩ። ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ስለማይሠራ፣ በማግሥቱ ዓመት፣ በኦክቶበር 14 ቀን 1936፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ተከፈተ፤ መዝገቡም በባልቲሞር ወደብ አጠገብ፣ ቀድሞ የኮካ ኮላ ጠርሙስ ይሞላበት በነበረው የካንድለር ሕንጻ ውስጥ፣ የተበሳ ካርድ በሚያነቡ መኪናዎችና በብዙ ጸሓፊዎች እጅ ተደራጀ። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን የሚሊዮኖችን ስምና ደመወዝ እያንዳንዱን በየካርዱ ለይቶ መያዝ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ድልድይ ከመሥራት የማያንስ ግብር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የወይዘሪት አይዳ ሜይ ፉለር ታሪክ ነው። እኒህ ሴት በቬርሞንት ግዛት በለድሎው ከተማ የሚኖሩ የጠበቃ ቢሮ ጸሓፊ ሲሆኑ፣ በኖቬምበር 4 ቀን 1939 ለሌላ ጉዳይ ወደ ረትላንድ ከተማ በሄዱበት አጋጣሚ፣ ቀጠሮም ሳይዙ፣ እምብዛም ተስፋ ሳያደርጉ፣ ከደመወዛቸው ስለሚቈረጠው ገንዘብ ለመጠየቅ ብቻ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ጐራ አሉ። ከዚያ መግባት የተነሣ በጃንዋሪ 31 ቀን 1940 ቍጥሩ 00-000-001 የሆነው፣ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም የሚያወጣው የመጀመሪያው የወር ቼክ በስማቸው ተጻፈ። በሦስት ዓመት ውስጥ የከፈሉት ግብር 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ ነበር፤ መቶ ዓመት ኖረው በ1975 እስኪያርፉም ሲቀበሉ ኖሩ። የመጀመሪያዋ የወር ክፍያ ተቀባይ ድርሻቸውን ያገኙት ክፍት ደጅ አይተው ስለ ገቡ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ።

ይሁን እንጂ ያ የመጀመሪያው ሕግ የእርሻ ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ትቷቸው ነበር፤ የቤት ሠራተኞች መግባት የጀመሩት በ1950 ማሻሻያ ነው። በቂ የሥራ መዝገብ የሌላቸውን ነዳያን አረጋውያን፣ ዕውራንና አካለ ስንኩላንን በአንድ የፌዴራል ሥርዐት ለመርዳት የታሰበው ኤስ ኤስ አይ ደግሞ በፕሬዚዳንት ኒክሰን ፊርማ በኦክቶበር 30 ቀን 1972 ሕግ ሆኖ በጃንዋሪ 1974 ሥራ ጀመረ። ገንዘቡ ምጽዋት እንዳልሆነ፣ መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ በሕግ የሚገባው ድርሻ እንደ ሆነ የሚያጠራጥር አንቀጽ በሕጉ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ደጁ ሲዘጋ የሥራ ጡረታ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ሃያ ዓመት በዋሽንግተን ታክሲ ነድቶ ግብሩን የከፈለ ወንድማችን፣ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ጀምሮ በኢንተርኔት ሊጨርስ ይችል ነበር። የኤስ ኤስ አይ ጠያቂ አረጋዊ ግን በዚያን ጊዜ ይህ መንገድ አልተከፈተለትም፤ ከ20 ገጽ በላይ የሆነውን ፎርም ከሠራተኛ ጋር በቃል እየተጠያየቀ መሙላት ነበረበት። ጥቂት ያለው በቤቱ ተቀምጦ ሲያስፈጽም፣ ምንም የሌለው የስልክ ወረፋ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

«ስልኩ ይዘፍናል እንጂ አይናገርም» አሉኝ እኒያ እናት። «ጧት ልጄ ወደ ሥራ ስትሄድ ደውላልኝ ትሄዳለች፤ እኔ ጆሮዬ ላይ ይዤ ወጥ አማስላለሁ፣ ቡና እቈላለሁ፣ ዘፈኑ አያልቅም። አንዳንድ ቀን ሰው ይመጣና በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ እኔ ‹አማርኛ፣ አማርኛ› እላለሁ፤ ያን ጊዜ ወይ ዝም ይላል ወይ ይቈረጣል። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ደጅ ስጠና እንኳ ዘበኛው ‹ነገ ተመለሺ› ይለኝ ነበር። እዚህ ነገ የሚለኝ ሰው አጣሁ።»

መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ ያለ ዋጋ እንደሚያቀርብ፣ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ዋሽንግተን ከተማም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ የአማርኛ ተናጋሪዎችን መብት አክብራለች፤ ነገር ግን ይህ ሕግ የሚያስገድደው የከተማዪቱን መሥሪያ ቤቶች እንጂ የፌዴራሉን አይደለም። አስተርጓሚው የሚገኘውም የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ደጅ ከታለፈ በኋላ ነው። አስተርጓሚ በተገኘበት ቀን እንኳ ነገሩ ቀና አልሆነም። የትውልድ ቀናቸውን ሲጠየቁ «ጣልያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ በጥር ሚካኤል ማግስት» ብለው መለሱ፤ በፓስፖርታቸው የተጻፈው ግን ጃንዋሪ 1 ነው። የልጃቸው የአባት ስም ከእሳቸው የአባት ስም ለምን እንደማይገጥምም ረዥም ማብራሪያ አስፈለገ። በመስኮት ፊት ለፊት ተቀምጦ ፓስፖርቱንና ሰውየውን አስተያይቶ በደቂቃ የሚታለፍ ነገር በስልክ የማንነት ጥርጥር ይሆናል።

ከዚያም ስለ ምግባቸው ተጠየቁ። «‹የሚያበላሽ ማነው?› አለኝ ሰውዬው። እኔ ምን ልበል? ልጄ አታበላኝም ልበል? ልጄን በባዕድ አፍ ላስገባት? ‹እግዜር ይስጣት፣ ልጄ ትመግበኛለች፤ ከሷ ቤት ርቦኝ አላውቅም› አልሁት። ልጄ ማታ መጥታ ስነግራት ራሷን ያዘች።»

ልጅቱ ራሷን የያዘችበት ምክንያት ይህ ነው፦ በዚያን ጊዜ በሰው ቤት እየኖረ ምግቡንም መጠለያውንም ያለ ክፍያ የሚያገኝ ሰው የኤስ ኤስ አይ ድርሻው በአንድ ሦስተኛ ይቀነስ ነበር። በ2021 ለአንድ ሰው ከፍተኛው የፌዴራል ክፍያ በወር 794 ዶላር ሲሆን፣ ቅነሳው ወደ 529 ዶላር ያወርደው ነበር። ወጪውን ተካፍሎ የሚከፍል ወይም ገንዘቡ ሲመጣ ሊመልስ በውል የተበደረ ሰው ግን ቅነሳው አይጸናበትም ነበር። እናትና ልጅ እንዲህ ያለ ስምምነት ቢኖራቸውም፣ በሀገራችን ልማድ እናት የልጇን ሌማት በዕዳ ስም አትጠራም፤ ሕጉን የሚያስረዳቸው አስተዋይ ሠራተኛ ከፊታቸው ቢኖር ኖሮ ቃላቸው ሌላ በሆነ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለፍትሕ ያህል ሌላውንም ወገን መናገር ይገባኛል። በ2020 ጸደይ ደጁን መዝጋት ተገቢ ነበር፤ ባለጉዳዮቹ በሽታው አብዝቶ የሚቀጥፋቸው ሽማግሌዎችና በሽተኞች ነበሩና፣ ሠራተኛውም ባለ ነፍስ ነው። እጅግ ለተቸገረ ሰው በቀጠሮ መግባትም አልተከለከለም፤ ቀጠሮውን የሚያሰጠው ግን ያው ስልክ ነበር። ክትባቱ ከተሰራጨ በኋላ ደጁ ለምን ገና አንድ ዓመት ያህል ተዘግቶ እንደ ቆየ፣ በጉዳዩ ላይ ሥልጣን ያለውን አንድ ሹም ጠይቄ ነበር። ስለ ግለሰብ ጉዳይ እንደማይናገር ነገረኝ፤ ስለ ግለሰብ እንዳልጠየቅሁ ባስረዳው ጥያቄዬን በጽሑፍ እንድልክ አዘዘኝ፤ ጽፌ ላክሁ፤ መልስ አልመጣም። ስለ ፖስታው ግን የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ዋና ተቈጣጣሪ በ2021 ባወጣው ዘገባ፣ ምን ያህል ደብዳቤ እንደ ገባና ምን ያህሉ ሳይስተናገድ እንደ ቆየ የሚታወቅበት የአሠራር ሥርዐት እንዳልነበረ ገልጧል። ያች እናት ዶሴያቸውን ከደረታቸው ያላነሡት ይህን ከተቈጣጣሪው ቀድመው ስለ ጠረጠሩ ነው።

በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ቀን በመኪና ማቆሚያ እየሠራ ማታ ለአገሩ ሰዎች ፎርም የሚሞላ አንድ ጐልማሳ እንደ ነገረኝ፣ በዚያ ዘመን ጉዳያቸው የተፈጸመላቸው «እንግሊዝኛ የሚችልና ከሥራ የሚቀር ልጅ ያላቸው» ብቻ ናቸው። ከሥራ ቢቀር የቀን ደመወዙ የሚቀርበት፣ በሆስፒታል ወለል የሚያጸዳ ልጅ ያለው አረጋዊ ግን በሕግ የተሰጠው ጸጋ የዕድል ነገር ሆነበት።

የደረሰውን ጉዳት ባጭሩ ልናገር። ኤስ ኤስ አይ ወደ ኋላ አይከፈልም፤ የሚታሰበው ጥያቄው ከተመዘገበበት ወር ቀጥሎ ካለው ወር ጀምሮ ነውና፣ ዘፈን እያደመጡ ያለፉት ወራት ጠፍተው የቀሩ ናቸው። በወረርሽኙ ዘመን አዲስ ኤስ ኤስ አይ የተፈቀደላቸው ሰዎች ቍጥር በግልጥ አሽቈለቈለ፤ ነዳያን ግን አላነሱም። የስደተኝነት 7 ዓመታቸው እያለቀ ዜግነት ይጠባበቁ የነበሩ ሰዎችም፣ የኢሚግሬሽን ቢሮዎች ከማርች 18 እስከ ጁን 4 ቀን 2020 ተዘግተው መሐላው ሲዘገይ፣ ዘመኑ አልጠበቃቸውም። እኒያ እናት ምስክር ወረቀታቸውን በመጨረሻ በቀጠሮ ገብተው በእጃቸው አሳዩ፤ የተፈቀደላቸውም የተቀነሰው ድርሻ ነው።

በሰው የሚሰጥ ምግብ ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ በአብዛኛው ከስሌቱ ወጥቷል፤ ዛሬ እናት የልጇን እንጀራ ስላመሰገነች ብቻ ድርሻዋ አይቀነስም፤ ይህን ያደረጉትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ደጁ ግን ገና አልጸናም። በ2025 መጀመሪያ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች ከ57,000 ወደ 50,000 ለማውረድ መታቀዱ ታወጀ፤ በዚያው ዓመት በማርች ወር ደግሞ ማንነትን በስልክ ማረጋገጥ ቀርቶ በኢንተርኔት የማይችል ሁሉ በአካል እንዲቀርብ ታዘዘ፤ ከብዙ አቤቱታ በኋላም ትእዛዙ በኤፕሪል ላላ። በአምስት ዓመት ውስጥ አትምጡ ተብለው የነበሩት እነዚያው አረጋውያን ያለ እናንተ መምጣት አይሆንም ተባሉ ማለት ነው።

የአሌክሳንድሪያው ጐልማሳ አሁን ፎርም ከመሙላቱ አስቀድሞ አንድ ነገር ያደርጋል፤ አረጋዊው ለመጀመሪያ ጊዜ የደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ ያነጋገረውንም ሠራተኛ ስም በደብተር ይጽፋል፤ የጥያቄው ቀን በክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናልና። በየአጥቢያው ያሉ ሰበካ ጉባኤዎችና ማኅበሮቻችን እንዲህ ያለ ደብተርና አንድ እንግሊዝኛ ዐዋቂ ወጣት ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ቢያቆሙ፣ ወጪው ከአንድ ጠረጴዛ አይበልጥም።