የአራስ ዕረፍትና የወላጅነት ዝለት በባሌ ደጋ

ከሮቤ ከተማ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንደኛው ወገን የሲናና የስንዴ ማሳ ተዘርግቶ ይታያል፤ በሌላው ወገን ደግሞ የሳነቴ አምባ ይነሣል፤ በዚያም ላይ ከባሕር ወለል በላይ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይገኛል። ስለዚህ ደጋ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቀይ ቀበሮው፥ ስለ ሐረና ጫካ፥ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ስለ ቆየውም ዐመፅ። በዚሁ ደጋ ልጆች የሚያሳድጉ እናትና አባት ጉልበታቸውን ከየት እንደሚያገኙ፥ ጉልበታቸው ሲያልቅስ ምን እንደሚደርስባቸው የሚለው ጥያቄ ግን የዚያን ያህል አልተነሣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ማብራራት ነው።

በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉም መወሰን ይገባል። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ በ1974 እ.ኤ.አ. ሌሎችን በመርዳት ሥራ የተሰማሩ ሰዎች ነድዶ እንዳለቀ ማገዶ ባዶ የሚሆኑበትን ሁኔታ ገልጾ ጻፈ። በኋላም በቤልጅግ አገር በሉቨን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ሊቃውንት ኢዛቤል ሮስካምና ሞይራ ሚኮላይቻክ ይኸው ነገር በቤት ውስጥ በወላጅነትም እንደሚደርስ አሳዩ። ምልክቶቹ አራት ናቸው፤ ይኸውም በልጅ ማሳደግ ሥራ ፈጽሞ መዛል፥ ‹እኔ እንዲህ ያለ ወላጅ አልነበርኩም› ብሎ ራስን ከቀድሞው ማንነት ጋር እያስተያዩ ማዘን፥ ወላጅነትን መሰልቸት፥ በመጨረሻም ልጆችን እያበሉና እያለበሱ በልብ ከእነርሱ መራቅ ነው። እኛ ይህን ሁኔታ ‹የወላጅነት ዝለት› ብንለው የሚስማማ ይመስለናል። ተራ ድካም በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያልፋል፤ ዝለት ግን ጠዋት ከሰውየው ጋር አብሮ ይነሣል።

እነዚሁ ሊቃውንት ከብዙ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በ42 አገሮች 17,409 ወላጆችን ጠይቀው ያገኙትን ውጤት በ2021 እ.ኤ.አ. አወጡ። ዝለቱ ይልቁን በዝቶ የተገኘው እያንዳንዱ ሰው በራሱ መቆሙን እንደ ዋና ምግባር በሚቆጥሩት ምዕራባውያን አገሮች ነው። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ ‹እንግዲያስ እኛ በዕድርና በደቦ የምንኖር ሕዝብ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነን› ይል ይሆናል። ይህ ግን የችኩል ፍርድ ነው። መረዳዳት የታወቀ ሰው በታወቀ ሰዓት የሚፈጽመው ሥራ ነው፤ ሠሪው ከሄደ ስሙ ብቻ ይቀራል።

ነገሩን በባሌ ደጋ በሚኖሩት በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ከሚታወቀው ሥርዓት መረዳት ይቻላል። በዚህ ሕዝብ ልማድ የወለደች ሴት ‹ቀነፋ› የተባለውን ምልክት በግንባሯ ላይ አስራ ለወራት ትቆያለች። ቀነፋ ያሰረች ሴት ‹ወዩ› ናት፤ ይኸውም የተከበረችና የማትደፈር ማለት ነው። ጎረቤቶች ገንፎና ቅቤ ይዘው ይጠይቋታል፤ ከከባድ ሥራም ትጠበቃለች። በዚህ ጊዜ ባሏ ቢመታት በደሉ በእርሷ ላይ ብቻ የተፈጸመ ሆኖ አይቆጠርም። የአካባቢው ሴቶች በሠርጋቸው ቀን ከእናቶቻቸው የተቀበሉትን ‹ሲንቄ› የተባለ ዘንግ ይዘው እየጮኹ ከየቤታቸው ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈርደው ጥፋተኛው ይቅርታ እስኪጠይቅና ካሳ እስኪሰጥ ድረስም አይመለሱም።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ በተለይ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። እናቲቱ ታጋሽ በመሆኗ አልተመሰገነችም፤ እንድታርፍ ታዘዘላት እንጂ። ዕረፍቷ የባሏ ቸርነት ወይም የራሷ ብልሃት ሳይሆን ጠባቂ ያለው መብት ነው። ከዚህም ሌላ ለእርሻና ለአጨዳ ደቦ፥ ጉልበትን በተራ ለመበዳደር ዳዶ ነበረ። ልጅ የሌለው ቤት የሌላውን ቤት ልጅ ተቀብሎ እንደ ወለደው የሚያሳድግበት ጉዲፈቻም ከድጋፎቹ አንዱ ነው፤ ስሙም ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛም ወደ አገሪቱ የቤተሰብ ሕግ ገብቷል።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ዘመን ማሳመር ብቻ የመርማሪ ሥራ አይደለም። ቀነፋ ያሰረችው እናት ስታርፍ ውሃውን ማን ቀዳ? ታላላቆቹን ሕፃናት ማን አዘለ? ብዙውን ጊዜ ይህን የሠራችው የበኵር ሴት ልጅ ናት። የእናት ዕረፍት በልጃገረድ ጀርባ ላይ የታዘለ ነበር፤ ዋጋውም የልጅቱ ትምህርት ነው።

ዛሬ ያች ልጅ ተማሪ ቤት ውላ ትገባለች፤ ይህም ይገባታል። ከገጠር ቀበሌዎች ብዙ ልጆች ከፍ ያለውን ክፍል ለመማር ወደ ሮቤና ወደ ጎባ መጥተው፥ ክፍል ተከራይተው፥ ስንቃቸው ከቤት እየመጣላቸው ይቀመጣሉ። በሮቤም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። እንግዲህ ትምህርት በጎ ነገር ሆኖ ሳለ ከቤቱ አንድ ረዳት ወስዶ ሁለት አዲስ ሥራ አመጣ፤ ይኸውም ስንቅ ማዘጋጀትና ኪራይ መክፈል ነው። ልጅቱ የለቀቀችውን ቦታ ግን ማንም አልያዘውም። እንደ እኔ አስተያየት የዝለቱ ዋና ምንጭ ይህ ባዶ ቦታ ነው።

የአገሩ የእርሻ ወራትም ነገሩን ያከብዱታል። በብዙው የኢትዮጵያ ደጋ ዋናው ምርት በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን በሲናናና በአካባቢው ግን ‹ገና› እና ‹ቦና› የሚባሉ ሁለት የምርት ወራት አሉ፤ የመጀመሪያው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፥ ሁለተኛው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ገደማ ነው። የአንዱ አጨዳ ከሌላው እርሻና ዘር ጋር ስለሚገናኝ ገበሬ ቤቱን የሚያድስበትና ልጁን የሚድርበት የዕረፍት ወቅት ጠባብ ነው። እርግጥ ነው፥ ኮምባይነር ገብቶ አጨዳውንና ውቂያውን አቃልሏል። ይሁንና ያቃለለው ይልቁን የወንዱን ሥራ ነው፤ በደቦው ምክንያት የነበረውንም መሰብሰብ አብሮ አስቀርቷል። ውሃ ለመቅዳት፥ እንጨት ለመልቀም፥ ሕፃን ለማስተኛት የሚከራይ ኮምባይነር የለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአማካይ 1.8 ሲሆኑ በኦሮሚያ 5.4 እንደ ነበሩ ስናስታውስ የሸክሙ መጠን ይገለጥልናል።

አባትም ከዚህ ነገር አላመለጠም። ማዳበሪያው፥ የኮምባይነሩ ኪራይ፥ የልጁ የከተማ ክፍል ሁሉ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ነው። ወንድ ልጅ ‹ደከመኝ› ማለት ነውር ነው እየተባለ ስለሚያድግ ዝለቱ በቁጣ ወይም በዝምታ ይገለጣል፤ ልጆቹም ‹አባታችን ጠላን› ብለው ይተረጉሙታል።

በከተማ ደመወዝተኛ ለሆነች እናት እንደ አዲስ ቀነፋ የሚቆጠር ሕግ ወጥቶላታል ለማለት ይቻላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ዕረፍት ይፈቅዳል፤ ለአባትም 3 ቀን ይሰጣል። ነገር ግን ይህ ሕግ የሚጠብቀው ተቀጣሪን ነው። በሲናና ማሳ የምታርመው፥ በጎባ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችረው፥ በሮቤ በኪራይ ቤት እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው እናት አሠሪ የላትም፤ ስለዚህ ዕረፍት የሚፈቅድላትም የለም። እርሷ አሮጌው ሥርዓት የለቀቃት፥ አዲሱ ሕግ ያልደረሰላት ሰው ናት።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ሐሳብ፥ የቤተሰብ ጽናት በአንድ ሰው ልብ ውስጥ የተከማቸ ብርታት ብቻ አለመሆኑ ነው። ‹ልጅ በዕድሉ ያድጋል› ማለት፥ እናትንም ‹ጠንካራ ናት› እያሉ ማመስገን ማጽናኛ ቢመስልም ሸክሙን መልሶ በተሸካሚው ላይ ይጭነዋል። ‹ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ› የሚለው ምሳሌ ከዚያ የበለጠ እውነት ይዟል። መሣሪያውም ፈጽሞ አልጠፋም። ዕድር የአባላት መዝገብ፥ መዋጮ፥ ድንኳንና የማብሰያ ዕቃ ያለው፥ ቀሪውንም የሚቀጣ ማኅበር ነው። ለሞት በተራ የሚሰበሰበው ጎረቤት ለአራስ ቤትም በተራ ውሃ ቢቀዳና ሕፃን ቢይዝ፥ ልጃገረዲቱን ከትምህርቷ ሳናስቀር እናቲቱን ማሳረፍ ይቻላል።

ወደ ባሌ ለምርመራ የሚሄድ ተማሪ አንዲትን እናት ‹ዘመድ አለዎት ወይ?› ብሎ ቢጠይቅ ‹አለኝ› የሚል መልስ ያገኛል፤ ከመልሱም ብዙ አይማርም። ይልቅስ ‹ትናንት ከሰዓት በኋላ ሕፃኑን ማን ያዘልዎት?› ብሎ ይጠይቅ። የሰው ስም ከተጠራለት በዚያ ቤት ሥርዓቱ በሕይወት አለ። ስም የሚጠራ ካልተገኘ ግን ተማሪው ስለ እናቲቱ ትዕግሥት መጻፉን ትቶ ስለ ጎደለው ሰው ይጻፍ።